የይለፍ ቃላት ካዝና በገዛ ቤት

መግቢያ

አንድ ተማሪ በዛሬው ጊዜ ስንት የይለፍ ቃል እንደሚያስፈልገው ቢቆጥር ቁጥሩ ያስደንቀዋል። ኢሜይሉ፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የሞባይል ገንዘብ ማስተላለፊያውና ማኅበራዊ መገናኛዎቹ ሁሉ «ማን ነህ?» ብለው ይጠይቁታል። የሰው አእምሮ ግን ትርጉም የሌላቸውን በደርዘን የሚቆጠሩ ቃላት አጥርቶ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው አንድ ቃል መርጦ በየቦታው ይደጋግመዋል። ይህ ዘዴ ለቤቱም፣ ለሱቁም፣ ለሣጥኑም አንድ ቁልፍ እንደማሠራት ነው፤ ቁልፉ ከአንዱ ቦታ ከተሰረቀ በሩ ሁሉ ተከፈተ ማለት ነው።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ የይለፍ ቃላትን ሁሉ መስጥሮ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው፤ በዚህ ጽሑፍ «ካዝና» እንለዋለን። ካዝናው በአንድ ኩባንያ አገልጋይ ኮምፒዩተር ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ በገዛ ቤት በሚገኝ አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይም ሊቀመጥ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለተኛውን መንገድ ሳይንሳዊ መሠረት፣ አሠራሩንና የሚያስከትለውን ኃላፊነት ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ ከየት ተነሣ?

በኮምፒዩተር ላይ የይለፍ ቃልን ከተጠቀሙት የመጀመሪያዎቹ ሥርዓቶች አንዱ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት ተሠርቶ በ1961 ለእይታ የቀረበው «ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ.» ነው። ይህ ሥርዓት ብዙ ሰዎች አንድን ትልቅ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ እንዲጋሩ የሚያስችል ስለነበር የአንዱን ፋይል ከሌላው ለመጠበቅ የይለፍ ቃል አስፈለገ። ቃላቱ ግን ሳይመሰጠሩ በአንድ ፋይል ውስጥ ተጽፈው ይቀመጡ ነበር። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት የኮምፒዩተር ሰዓት ስላልበቃው ፋይሉን በወረቀት እንዲታተም አድርጎ በሌሎች ሰዎች ቃል ሠራ። በ1966 ደግሞ ሁለት ፋይሎች በስሕተት ስለተቀያየሩ፣ ወደ ሥርዓቱ የገባ ሰው ሁሉ በዕለቱ መልእክት ፈንታ የተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃላት ዝርዝር አነበበ።

ከዚህ ዓይነቱ ገጠመኝ የተገኘው ትምህርት ቃሉን ራሱን ሳይሆን የቃሉን «ሃሽ» ማስቀመጥ ነው። ሃሽ ማለት አንድን ጽሑፍ ወደ ቋሚ ርዝመት ያለው ቁጥር የሚለውጥ፣ ወደ ኋላ ግን የማይመለስ ስሌት ነው። ጤፍ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል፤ ከዱቄቱ ግን ፍሬውን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን በ1979 ባሳተሙት ጥናት በዚህ ላይ «ጨው» የተባለውን ዘዴ አስተዋወቁ። ጨው ከቃሉ ጋር የሚቀላቀል፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚለያይ ቁጥር ሲሆን፣ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ቢመርጡ እንኳ ሃሻቸው እንዲለያይ ያደርጋል። በዚያው ጥናት ከሰበሰቧቸው 3,289 የይለፍ ቃላት መካከል 2,831ዱ፣ ማለትም 86 በመቶው፣ እጅግ አጭር ወይም ከመዝገበ ቃላትና ከስም ዝርዝር በቀላሉ የሚገኙ ሆነው አገኟቸው።

ሠላሳ ዓመት ቆይቶም ነገሩ እምብዛም አልተለወጠም። በ2009 «ሮክዩ» ከተባለ ኩባንያ 32 ሚሊዮን ያህል ያልተመሰጠሩ የይለፍ ቃላት ተሰርቀው በወጡ ጊዜ፣ በብዛት የተመረጠው ቃል «123456» ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከወጣ በኋላ ሌቦች ያንኑ ኢሜይልና ያንኑ ቃል በሌሎች ድረ ገጾች ላይ በአውቶማቲክ ፕሮግራም ይሞክራሉ። ቃሉን የደጋገመ ሰው የሚጎዳው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጥፋቱ የተፈጸመው በአንድ ተራ የጨዋታ ድረ ገጽ ላይ ቢሆንም፣ ጉዳቱ እስከ ባንክ ሒሳቡ ሊደርስ ይችላል።

ካዝናው እንዴት ይሠራል?

ካዝና ተጠቃሚው አንድ ብቻ፣ ነገር ግን ጠንካራ ቃል እንዲያስታውስ ይጠይቃል፤ ይህን «ዋናው የይለፍ ቃል» እንበለው። የቀሩትን ቃላት ሶፍትዌሩ ራሱ በዕጣ መልክ እየፈጠረ ይይዛቸዋል። ለምሳሌ ያህል በ2016 የተጀመረውንና ምንጨ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን «ቢትዋርደን» እንመልከት።

ተጠቃሚው ዋናውን ቃል ሲጽፍ፣ በእጁ ባለው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ ያለው ፕሮግራም ቃሉን እንደ ጨው ከሚያገለግለው የኢሜይል አድራሻ ጋር ቀላቅሎ የሃሽ ስሌት ያካሂዳል። ስሌቱ የሚካሄደው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ከ2023 ወዲህ መነሻው ልክ 600,000 ጊዜ ነው። ይህም ማለት ባለቤቱ ካዝናውን ሲከፍት ጥቂት ይጠብቃል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ግምቶችን መሞከር የሚፈልገው ሌባ ግን ይህን ድካም በእያንዳንዱ ግምት ላይ ይከፍላል። ከዚህ ስሌት በሚገኘው ቁልፍ አማካይነት ሌላ፣ በዕጣ የተፈጠረ ቁልፍ ይቆለፋል፤ የካዝናው ይዘት ደግሞ በዚህ በሁለተኛው ቁልፍ ይመሰጠራል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር ምስጠራው የሚፈጸምበት ቦታ ነው። መመስጠርም ሆነ መፍታት የሚካሄደው በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ ነው። ወደ አገልጋዩ የሚሄደው የተመሰጠረው ይዘትና ማንነትን ለማረጋገጥ የሚያገለግል ሃሽ ብቻ ነው፤ ዋናው ቃል ከመሣሪያው አይወጣም። ስለዚህ አገልጋዩ የታሸገ ሣጥን እንደሚያስቀምጥ ባለአደራ ነው፤ ሣጥኑን ይጠብቃል እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም።

ካዝናው የት ይቀመጥ?

ባለአደራው በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ካላወቀ ማንም ቢሆን ምን ልዩነት ያመጣል? ለዚህ ጥያቄ በ2022 የደረሰው ነገር ጥሩ መልስ ይሰጣል። በዚያ ዓመት «ላስትፓስ» በተባለው ኩባንያ ላይ በተፈጸመ ስርቆት የደንበኞች ካዝናዎች ቅጂ እንደተወሰደ ኩባንያው በታኅሣሥ ወር አስታወቀ። ቃላቱ የተመሰጠሩ ነበሩ፤ የድረ ገጾቹ አድራሻዎች ግን አልተመሰጠሩም ነበር። ሣጥኑን በእጁ ያስገባ ሌባ ደግሞ ማንም ሳያየው፣ ጊዜ ሳይገድበው፣ ዋናውን ቃል በግምት ሊፈልግ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሙሉ ጥበቃው የሚወድቀው በዋናው ቃል ጥንካሬና በስሌቱ ድግግሞሽ ላይ ነው።

የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ካዝና በአንድ ቦታ ሲከማች ለሌባ የሚያጓጓ ግብ ይሆናል። በአንድ ቤተሰብ ቤት ያለች ትንሽ ኮምፒዩተር ይህን ያህል አታጓጓም። በሌላ በኩል ደግሞ ኩባንያው ሌሊትና ቀን የሚከታተሉ ባለሙያዎች አሉት፤ በቤት ውስጥ ያለው ጠባቂ ግን ተማሪው ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ካዝናን ወደ ቤት ማምጣት አደጋን አያጠፋም፤ አንዱን አደጋ በሌላ ይለውጣል። የስርቆት ሥጋት ሲቀንስ የመጥፋት ሥጋት ይጨምራል። ይህን ያልተረዳ ሰው ከቀጣዩ ክፍል ባያልፍ ይሻለዋል።

ኮንቴይነር ምንድን ነው?

አንድን የአገልጋይ ሶፍትዌር ለመትከል ቀድሞ ብዙ ረዳት ፕሮግራሞችን፣ እያንዳንዱንም በትክክለኛው ዕትም፣ መሰብሰብ ያስፈልግ ነበር። ኮንቴይነር ይህን ድካም ያስቀራል፤ ፕሮግራሙ ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ጋር ታሽጎ ይመጣል።

ኮንቴይነርና ቨርቹዋል ማሽን ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ቨርቹዋል ማሽን የራሱ መሠረት፣ የራሱ ግድግዳና ጣሪያ እንዳለው የተለየ ቤት ነው፤ የራሱን ስርዓተ ክወና በሙሉ ይይዛል። ኮንቴይነር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ እንደሚከራይ ክፍል ነው፤ ተከራዮቹ አንዱ የሌላውን ክፍል አያይም፤ መሠረቱንና የውኃ መስመሩን ግን ይጋራሉ። የሚጋሩት መሠረት የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ማለትም ከርነል፣ ነው።

ሐሳቡ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። በ1979 የዩኒክስ ስርዓተ ክወና አንድ ፕሮግራም የሚያየውን የፋይል ክፍል ለመገደብ የሚያስችል ትእዛዝ ተሰጠው። በ2000 ፍሪቢኤስዲ ይህን አጠናክሮ «እስር ቤት» የሚል ስም ያለው ዘዴ አቀረበ። ሊኑክስ በበኩሉ ሁለት ነገሮችን ጨመረ። አንደኛው ፕሮግራሙ ምን ማየት እንደሚችል የሚወስን ነው፤ ሁለተኛው ምን ያህል ማኅደረ ትውስታና የፕሮሰሰር ጊዜ መጠቀም እንደሚችል የሚወስን ሲሆን፣ ይህ በጉግል መሐንዲሶች ተጀምሮ በ2008 ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባ ነው። በ2013 ለሕዝብ የቀረበው «ዶከር» እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አቀናጅቶ ለማንም ተጠቃሚ ቀላል አደረጋቸው።

በዶከር ቋንቋ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። «ኢሜጅ» የማይለወጠው እሽግ ነው፤ «ኮንቴይነር» ደግሞ ከዚያ እሽግ ተነሥቶ የሚሠራው ፕሮግራም ነው። ከአንድ ኢሜጅ ብዙ ኮንቴይነሮች ሊነሡ ይችላሉ። ኮንቴይነሩ በሥራ ላይ እያለ የሚጽፈው ነገር በኢሜጁ ላይ በተደረበ ስስ ንጣፍ ላይ ያርፋል፤ ኮንቴይነሩ ሲወገድ ይህ ንጣፍ አብሮ ይጠፋል። የይለፍ ቃላት በዚህ ንጣፍ ላይ ብቻ ቢቀመጡ፣ ሶፍትዌሩን ለማደስ ኮንቴይነሩን ባስወገድንበት ቅጽበት ካዝናው በሙሉ ይጠፋል። መፍትሔው «ቮልዩም» ይባላል፤ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውን የመረጃ ማኅደር ከኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ ካለ ማኅደር ጋር ማያያዝ ማለት ነው። ክፍሉ ቢፈርስም ዕቃው በግቢው ጎተራ ውስጥ ይቆያል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

ለቤት አገልግሎት የሚመረጠው «ቮልትዋርደን» የተባለው ሶፍትዌር ነው። ይህ «ረስት» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በበጎ ፈቃደኞች የተጻፈ አገልጋይ ሲሆን፣ ከቢትዋርደን የስልክና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ጋር ይግባባል። አነስተኛ ማኅደረ ትውስታ ስለሚበቃው በራስበሪ ፓይ ወይም በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። 5 ዋት የሚወስድ ትንሽ ኮምፒዩተር ሌሊትና ቀን ቢሠራ በ30 ቀን የሚፈጀው ኃይል 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

1ኛ. ሊኑክስና ዶከር ይጫናሉ። የአገልግሎቱ ዝርዝር «ኮምፖዝ» በሚባለው የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ የኢሜጁ ስምና የዕትም ቁጥር፣ ቮልዩሙና የሚከፈተው ፖርት በዚያ ይገለጻሉ። «የመጨረሻው ዕትም» ከማለት ይልቅ የዕትሙን ቁጥር መጥቀስ ይመረጣል፤ ይህ ዕድሳት ሳናውቀው እንዳይከናወን ያደርጋል።

2ኛ. ፖርቱ ለኮምፒዩተሩ ለራሱ ብቻ እንዲከፈት መደረግ አለበት። ዶከር ፖርት ሲከፍት የራሱን ሕግ በቀጥታ ስለሚጽፍ፣ በኡቡንቱ ላይ የተለመደው ፋየርዎል ዘግቼዋለሁ ያለው ፖርት እንኳ ክፍት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

3ኛ. ከፊቱ «ካዲ»ን የመሰለ ተቀባይ ፕሮግራም በሌላ ኮንቴይነር ይቆማል። የዚህ ሥራ ግንኙነቱን መመስጠር ነው። ብራውዘሮች የምስጠራ ስሌት የሚፈቅዱት ድረ ገጹ በሰርተፍኬት በተጠበቀ መስመር ሲመጣ ብቻ ስለሆነ፣ ያለዚህ የካዝናው ድረ ገጽ አይሠራም።

4ኛ. የቤተሰቡ አባላት ሒሳባቸውን ከከፈቱ በኋላ የአዲስ ተጠቃሚ ምዝገባ ይዘጋል። የአስተዳዳሪው ገጽም ካላስፈለገ እንዲሁ ይዘጋል።

5ኛ. በራውተሩ ላይ ለውጭ ዓለም ምንም በር አለመክፈት ይመከራል። የቢትዋርደን ፕሮግራም የካዝናውን የተመሰጠረ ቅጂ በስልኩ ላይ ስለሚይዝ፣ ተማሪው ከቤት ርቆም ቃላቱን ማንበብ ይችላል፤ አዲስ ቃል ለማስገባት ግን ከአገልጋዩ ጋር መገናኘት አለበት። ሆኖም ፕሮግራሙን «መቆለፍ»ና ከሒሳቡ «መውጣት» የተለያዩ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። የተቆለፈ ካዝና ያለ መስመር ይከፈታል፤ ከሒሳቡ የወጣ ሰው ግን አገልጋዩን ሳያገኝ ተመልሶ አይገባም። ከውጭ ሆኖ መገናኘት ግድ የሆነበት ሰው «ዋየርጋርድ»ን የመሰለ የግል ምስጢራዊ መስመር ቢዘረጋ ይመረጣል።

የመብራት መቋረጥም አንድ ነገር ያስተምረናል። ቮልትዋርደን የሚጠቀምበት «ኤስኪውላይት» የተባለው ዳታቤዝ ድንገተኛ መጥፋትን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ርካሽ የማኅደር ካርድ ግን ይህን ላይቋቋም ስለሚችል ትክክለኛ ዲስክ መጠቀም ይበጃል። ከዚህም ሌላ ብዙ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም። መብራት ተመልሶ ኢንተርኔት ካልተመለሰ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚህ ጊዜ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጠው የማረጋገጫ ቁጥር ትክክል ቢሆንም አገልጋዩ አይቀበለውም። ባለቤቱ ተሰረቅሁ ብሎ ከመደንገጡ በፊት ሰዓቱን ይመልከት።

መጠባበቂያ ቅጂ

ቅጂ የሌለው ካዝና ካዝና አይደለም። በሥራ ላይ ያለን ዳታቤዝ እንደ ተራ ፋይል መገልበጥ ግን የተጎደለ ቅጂ ሊሰጥ ይችላል፤ ምክንያቱም በዚያው ቅጽበት እየተጻፈ ያለ ነገር ሊኖር ይችላልና። ስለዚህ ወይ የዳታቤዙን የራሱን የቅጂ ትእዛዝ መጠቀም፣ ወይም ኮንቴይነሩን ለጥቂት ጊዜ አቁሞ መገልበጥ ያስፈልጋል። ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ በታመነ ዘመድ ቤት፣ ይቀመጥ፤ እሳትና ሌባ ኮምፒዩተሩንና አጠገቡ ያለውን ቅጂ ለይተው አይወስዱምና።

ቅጂው ራሱ በሌላ ቃል ከተመሰጠረ ደግሞ ያ ቃል በካዝናው ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ቁልፉን በሣጥኑ ውስጥ ትቶ ሣጥኑን መቆለፍ ይሆናልና። ዋናውንም ቃል አገልጋዩ ስለማያውቀው ለረሳ ሰው ሊመልስለት አይችልም። በመሆኑም ዋናው ቃልና የማረጋገጫው መጠባበቂያ ቁጥር በወረቀት ተጽፈው፣ በፖስታ ታሽገው፣ የቤተሰቡ ሰነድ በሚቀመጥበት ቦታ ቢቀመጡ አያስነቅፍም። በመጨረሻም ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተመልሶ መከፈቱ በተግባር መፈተሽ አለበት። ያልተፈተነ ቅጂ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም።

ዋናውን ቃል መምረጥ

ሌባው ካዝናውን ወስዶ በሴኮንድ 10,000 ግምት መሞከር ይችላል ብለን እናስብ። ዋናው ቃል ከ10,000 የታወቁ ስሞች አንዱና ከ100 ዓመተ ምሕረቶች አንዱ ተጣምረው የተሠራ ቢሆን፣ ጠቅላላው አማራጭ 1 ሚሊዮን ብቻ ስለሆነ በ100 ሴኮንድ ውስጥ ያልቃል።

አሁን 1,296 የተለመዱ የአማርኛ ቃላትን በተራ ቁጥር እንጻፍ። ዳይ አራት ጊዜ ስንጥል 6 × 6 × 6 × 6 = 1,296 ውጤት ስለሚኖር፣ እያንዳንዱ ውጤት አንድ ቃል ይመርጥልናል። በዚህ መልክ 6 ቃላት ብንመርጥ የአማራጮቹ ብዛት ወደ 4.7 ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን ይደርሳል። ሌባው የቃላቱን ዝርዝር ቢያገኝ እንኳ ግማሹን ለመሞከር በአንድ ማሽን 7.5 ሚሊዮን ዓመት፣ በ1,000 ማሽኖች ደግሞ 7,500 ዓመት ይፈጅበታል። ምስጢሩ ያለው በዝርዝሩ ሳይሆን በዕጣው ነው፤ ቃላቱን በራሳችን ምርጫ ብናደርጋቸው ስሌቱ ይፈርሳል።

ቃሉን በፊደላችን መጻፍ ይቻላልን? ይቻል ይሆናል፤ ግን አይመከርም። ለዓይናችን አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በባዕድ ኮምፒዩተር ላይም የአማርኛ መጻፊያ ላይገኝ ይችላል። የአማርኛውን ቃል በላቲን ፊደል፣ በአንድ ቋሚ አጻጻፍ መጻፍ ይሻላል።

ማጠቃለያ

ካዝናን በቤት ማኖር ለሁሉም ሰው የሚሆን መንገድ አይደለም። ቅጂ ለመያዝና ሶፍትዌሩን በየጊዜው ለማደስ ጊዜ የሌለው ሰው የታመነ ኩባንያን አገልግሎት ከጠንካራ ዋና ቃል ጋር ቢጠቀም የተሻለ ጥበቃ ያገኛል። በሁለቱም መንገድ አንዱን ቃል በየቦታው ከመደጋገም እጅግ ይርቃል። ለመማር ለሚሻ ተማሪ ግን ይህች ትንሽ ኮምፒዩተር ምስጠራን፣ ስርዓተ ክወናን፣ ኔትወርክንና ዳታቤዝን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የምታስተምር ቤተ ሙከራ ናት። የሙከራው መጀመሪያ ሊሆን የሚገባው ሐሰተኛ ቃላትን አስገብቶ፣ ኮንቴይነሩን አውቆ በማጥፋት ካዝናውን ከቅጂው መልሶ ማንሣት ነው። ይህን ያለ ችግር የፈጸመ ሰው እውነተኛ ቃላቱን ሊያስገባ ይችላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ዋናው ቃል ከ1,296ቱ ቃላት በዕጣ የተመረጡ 4 ቃላት ብቻ ቢሆን፣ በሴኮንድ 10,000 ግምት የሚሞክር አንድ ማሽን ግማሹን አማራጭ ለመሞከር ምን ያህል ጊዜ ይወስድበታል? 1,000 ማሽኖችስ?

2. ቮልዩም ሳይያያዝ የተነሣ ኮንቴይነር ቆሞ እንደገና ቢቀጥል መረጃው ይጠፋልን? ቢወገድስ?

መልስ፦ 1. አንድ ማሽን ወደ 4.5 ዓመት፣ 1,000 ማሽኖች ወደ 1.6 ቀን። 2. ቢቆምና ቢቀጥል አይጠፋም፤ ቢወገድ ግን በኮንቴይነሩ ንጣፍ ላይ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።